ለቤት የሙዚቃ ስቱዲዮ ምን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ይበቃል?

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በለገጣፎ፣ በኮንዶሚኒየም አንዲት ክፍል ወይም በግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ማይክሮፎን ተክሎ መዝሙር፣ ዘፈን ወይም የማስታወቂያ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። የመሀል ከተማ ስቱዲዮ በሰዓት ያስከፍላል፤ ከከተማ ዳርቻ ተነሥቶ እዚያ መድረስም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን ኮምፒውተር ሊገዙ ይነሣሉ። ገበያ ሲወጡ ከሚሰሟቸው ምክሮች አንዱ «ለስቱዲዮ ከሆነማ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይሁን» የሚል ነው።

ምክሩ በቅንነት ቢሰጥም ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባው የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ተወዷል። ለአንድ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ የሚወጣው ገንዘብ ደህና ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ በሚገዛበት ጊዜ፣ ካርዱ ለሙዚቃ ሥራ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ለድምፅ ምን ይሠራል?

ግራፊክስ ካርድ በስክሪን ላይ የምናየውን ምስል የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ኪውቤዝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ወይም ሪፐር የተባሉትን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞች ስንከፍት የትራኮቹን መስመር፣ የድምፁን ሞገድ፣ ከፍ ዝቅ የሚሉትን የድምፅ መለኪያዎች የሚሥለው እሱ ነው። ድምፁ ግን በእሱ በኩል አያልፍም። የዘፋኙ ድምፅ ከማይክሮፎን ተነሥቶ ወደ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም በዩኤስቢ ወደሚሰካው የድምፅ መቀበያ ሣጥን ይገባል፤ እዚያ ወደ ቁጥር ተለውጦ ወደ ኮምፒውተሩ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያሰላው፣ ሪቨርቡን (የማስተጋባት ስሜቱን) የሚጨምረው፣ ትራኮቹን የሚያዋህደው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ግራፊክስ ካርድ ትልቅ የማስላት አቅም ካለው፣ ለምን ለድምፅም አንጠቀምበትም? መልሱ ያለው በሁለቱ ሥራዎች ጠባይ ውስጥ ነው። አንድ ምስል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት። የአንዱ ነጥብ ቀለም የሌላውን ውጤት ሳይጠብቅ ሊሰላ ስለሚችል፣ ካርዱ በውስጡ ባሉት እጅግ ብዙ ትንንሽ አስሊዎች ሥራውን ተከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ድምፅ ግን ተራውን ይጠብቃል። የድምፃዊው ትራክ መጀመሪያ ከአላስፈላጊ ድምፅ ይጣራል፤ የተጣራው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ወደሚያቀራርበው ኮምፕረሰር ይገባል፤ ከዚያ የወጣው ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ወደሚያመዛዝነው ኢኮላይዘር፣ ከዚያም ወደ ሪቨርብ ይሄዳል። የኋለኛው የፊተኛውን ውጤት ሳያገኝ መጀመር አይችልም። በዚያ ላይ ድምፁን ወደ ካርዱ ልኮ መልሶ መቀበል ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ካርዱን ለድምፅ ስሌት የሚጠቀሙ ጥቂት ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ አብዛኛው የቤት ስቱዲዮ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ግን ሥራቸውን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ነው የሚሰጡት።

አንድ ሌላ ግራ መጋባትም አለ። ግራፊክስ ካርድ ላይ «8 ጊጋባይት» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የፒያኖና የቫዮሊን ድምፆች የሚጫኑት እዚያ ላይ ይመስለዋል። ያ ማኅደረ ትውስታ የካርዱ የራሱ ነው፤ የሚይዘውም ምስል ነው። እንደ ኮንታክት ያሉ ፕሮግራሞች የመሣሪያ ድምፆችን የሚጭኑት በኮምፒውተሩ የሥራ ማኅደረ ትውስታ (ራም) ላይ ነው። የድምፅ ስብስቡ ሲበዛ የሚጠበው ራም ነው፤ በካርዱ ላይ ያለው ጊጋባይት ቢጨመር ለዚህ የሚፈይደው ነገር የለም።

ካልረዳ፣ ሊጎዳ ይችላል?

ይችላል። ይህን ለመረዳት ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

በሲዲ ደረጃ የሚቀረጽ ድምፅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። ኮምፒውተሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅል እያደረገ ያስተናግዳቸዋል፤ ጥቅሉ የሚጠራቀምበት ቦታ ባፈር ነው። ባፈሩን 128 ናሙና ላይ ካደረጉት አንዱ ጥቅል 2.9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይይዛል፤ 1,024 ካደረጉት ደግሞ 23 ሚሊ ሰከንድ። ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።

ድግስ ቤት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሴት አለች እንበል። ከምጣዱ የወጣው እንጀራ መሶብ ውስጥ ይገባል፤ አስተናጋጁ ከመሶቡ እያነሣ ለእንግዶች ያቀርባል። መሶቡ ብዙ እንጀራ ከያዘ ጋጋሪዋ ለአፍታ ከምጣዱ ብትነሣም ማዕዱ አይጓደልም፤ እንግዳው የሚበላው ግን ቆየት ያለውን ነው። መሶቡ ሁለት እንጀራ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ትኩስ ትኩሱ ይቀርባል፤ ጋጋሪዋ ግን ለቅጽበት እንኳ መነሣት አትችልም። ጋጋሪዋ ፕሮሰሰሩ፣ መሶቡ ባፈሩ ነው። አሁን ጎረቤት መጥታ ጋጋሪዋን በር ላይ ጠርታ ወሬ ብትይዛት፣ መሶቡ ባዶ ይቀራል። የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር አንዳንድ ጊዜ እንደዚያች ጎረቤት ይሆናል።

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። የግራፊክስ ካርድ፣ የዋይፋይ፣ የሳውንድ ካርድ፣ ሁሉም የየራሳቸው ድራይቨር አላቸው። አንዱ ድራይቨር አስቸኳይ ጉዳይ ሲኖረው ዊንዶውስ ሌላውን ሥራ አቋርጦ ያስተናግደዋል። መቋረጡ የሚሊ ሰከንድ ጥቂት ክፋይ ከሆነ ማንም አያውቀውም። ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በላይ ከቆየና ባፈሩ 64 ናሙና ላይ ከሆነ፣ አንድ ጥቅል በጠቅላላ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ስለማይሞላ፣ ፕሮሰሰሩ ድምፁን በጊዜው ማድረስ ያቅተዋል። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወይም ድምፁ ለአፍታ ይቆረጣል። ጥሩ ስሜት ውስጥ የገባ ዘማሪ በዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ተበላሽቶ እንደገና እንዲጀምር ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

«ታዲያ ባፈሩን ከፍ ማድረግ ነዋ» የሚል ይኖራል። ለሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀረጹትን ትራኮች ለማዋሐድ ትክክል ነው፤ በዚያ ጊዜ 1,024 ላይ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ቀረጻ ላይ ግን ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል የሚሰማ ከሆነ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ ደግሞ ምቱን ያስታል። ቀረጻ ትንሽ ባፈር የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ችግሩ ከካርዱ ዋጋ ጋር እንደማይያያዝ ልብ ይበሉ። በጣም ውድ ካርድም ያመጣዋል። ኢንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በሚያወጣቸው ካርዶች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ምክንያት ኃይል ቁጠባ ነው፦ ካርዱ ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መስኮት ሲከፈት ይጨምራል፤ ይህ መለዋወጥ ድራይቨሩ ፕሮሰሰሩን ደጋግሞ እንዲያቋርጥ ያደርገዋል። የሙዚቃ ፕሮግራም ለካርዱ ቀላል ሥራ በመሆኑ ነው መለዋወጡ የሚበዛው። በካርዱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ የኃይል አስተዳደሩን «ከፍተኛ አቅም» ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ኩባንያው ከጨዋታ ድራይቨሩ ለይቶ ለፈጠራ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚያወጣው «ስቱዲዮ» የተባለ ድራይቨርም አለ፤ እሱን መሞከር አይከፋም።

ከካርዱ ጋር አብሮ የሚጫን የድምፅ ድራይቨርም አለ፤ ምስልና ድምፅ አብሮ ወደ ስክሪን ለሚያደርሰው ኤችዲኤምአይ ገመድ የተዘጋጀ ነው። ድንገት ድምፅ ጠፍቶ ሳውንድ ካርዱ የተበላሸ ከመሰለዎት፣ ዊንዶውስ ስክሪኑን እንደ ድምፅ ማጉያ መርጦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። ስክሪኑ ድምፅ ማጉያ ከሌለው ድራይቨሩን ማጥፋት ይሻላል።

ማይክሮፎኑ የሚሰማው ሌላ ነገርስ?

ትልልቅ ስቱዲዮዎች ኮምፒውተሩን በሌላ ክፍል ያስቀምጡታል። በአንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮምፒውተሩ፣ ማይክሮፎኑና አልጋው እዚያው ናቸው። ማሲንቆ ወይም ዋሽንት በዝግታ ሲቀረጽ ማይክሮፎኑ ከፍ ተደርጎ ይከፈታል፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ካርዱን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ጉርምርምታም አብሮ ይገባል። ሪቨርብና ኮምፕረሰር ሲጨመርበት ደግሞ ያጎላዋል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ያባብሰዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ እንደ ሱሉልታ ያሉት አካባቢዎች ከዚያም ከፍ ይላሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት በፍጥነት መዞር አለበት። የአየሩ ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል። አስፋልት ባልደረሰበት መንደር፣ በግንባታ መካከል የሚኖር ሰው ግን አቧራውም ይጨመርበታል፤ በአቧራ የታፈነ ካርድ ይግላል፣ የጋለ ካርድ ይጮሃል።

መፍትሔው ትንሽ ኃይል የሚበላ ካርድ ነው። ማራገቢያ ጭራሽ የሌላቸው፣ በብረት ክንፎቻቸው ብቻ የሚቀዘቅዙ ካርዶች አሉ። ከ30 ዋት የማያልፈው ጂቲ 1030 በዚህ ዓይነት አሠራር ከሚገኙት አንዱ ነው። ሥራ ሲቀልላቸው ማራገቢያቸውን የሚያቆሙ አዳዲስ ካርዶችም አሉ፤ ለሙዚቃ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቆመ ይቆያል። በአንጻሩ አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ እስከ 450 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህ ሁሉ ኃይል መጨረሻው በዚያች ክፍል ውስጥ ሙቀት ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር የሚቀርጽ ሰው ሌላ ነገርም ያጋጥመዋል። የጊታሩ ማግኔት በአቅራቢያው ያለውን የኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀበላል፤ ጠንካራ ካርድ በሥራ ላይ ሲሆን ይህ ይጨምራል። ከኮምፒውተሩ ራቅ ብሎ ፊትን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ብዙውን ይቀንሰዋል።

ከዚህ የተለየው ዝዝታ ደግሞ ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ገጽ ሲንሸራተት የሚለዋወጠው ነው። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ ገመዱና በመሬት መስመሩ በኩል የሚገባ ነው። በዳርቻው በተሠሩ ብዙ ቤቶች የመሬት መስመር (ኧርዝ) በአግባቡ አልተዘረጋም። ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና የድምፅ ማጉያውን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፣ በሳውንድ ካርዱና በማጉያው መካከል ባላንስድ ገመድ (ዝዝታን የሚቀንስ የድምፅ ገመድ) መጠቀም፣ ካልሆነም በኤሌክትሪክ ባለሙያ መስመሩን ማስፈተሽ ያስፈልጋል። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ዝዝታውን ለማጥፋት መሞከር ግን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማንም እንዳያደርገው።

መብራት ሲጠፋስ?

ኃይል የማይበላ ኮምፒውተር እዚህም ይጠቅማል። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሣጥን፣ በተግባር የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ለሙዚቃ ብቻ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ከስክሪኑ ጋር ከ100 ዋት ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሥራን አስቀምጦ በእርጋታ ለማጥፋት በቂ ደቂቃ ይገኛል። በዚያው ዩፒኤስ ላይ 170 ዋት ካርድ ሲጨመርበት ጊዜው በጣም ያጥራል።

ያለ ግራፊክስ ካርድ መሥራት ይቻላል?

አዎ፤ ለአብዛኛው የቤት ስቱዲዮም የምመክረው ይህን ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው የራሳቸው ግራፊክስ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የወጡት የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ግራፊክሳቸው እስከ ሦስት ስክሪን ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ለኪውቤዝ ሁለት ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። የራሱ ማራገቢያ የለውም፤ ተጨማሪ ገንዘብም አይጠይቅም። ከኮምፒውተሩ ራም ትንሽ ስለሚወስድ ራሙን 16 ጊጋባይት ማድረግ ይበጃል፤ ለሙዚቃውም ቢሆን ያው ያስፈልጋል።

ሲገዙ የፕሮሰሰሩን ስም እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በኢንቴል በኩል በስሙ ጫፍ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበት፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ ውስጣዊ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልተገጠመለት ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሌላው የፕሮሰሰር አምራች በሆነው በኤኤምዲ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። ራይዘን 5 5600 ግራፊክስ የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው። ከ7000 ተከታታይ ጀምሮ አብዛኞቹ መሠረታዊ ግራፊክስ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ምክንያት «ፕሮሰሰሩ ረከሰልኝ» ብሎ ኤፍ የገዛ ሰው ያተረፈውን ለካርድ መልሶ ይከፍላል።

ላፕቶፕ ለሚጠቀሙ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ካርዱን መቀየር አይቻልም። ለጨዋታ የተሠራ ላፕቶፕ «ለስቱዲዮ የሚሆን» ተብሎ ሲቀርብልዎ፣ በውስጡ ያለው ጠንካራ ካርድና ፕሮሰሰሩ አንድ ጠባብ ማቀዝቀዣ እንደሚጋሩ ያስታውሱ። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የሙዚቃ ፕሮግራሙ በውስጣዊው ግራፊክስ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ መጨመርስ?

በከተማችን ገበያ ብዙ ሰው የሚገዛው ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ የመሳሰሉትን ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች ነው። ለሙዚቃ መነሻ የሚሆኑ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ቀጭኑ ዓይነት ግን ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፓወር ሳፕላዩም (ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 250 ዋት ባለው ውስጥ ነው፤ የገመዱ አሰካክ የኩባንያው የራሱ ስለሆነ በሌላ መተካትም አስቸጋሪ ነው። ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) በራሱ ለካርድ የሚሰጠው ኃይል ከ75 ዋት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል፣ እነዚህ ማሽኖች ደግሞ ገመዱ የላቸውም። የስክሪን ቁጥር ለመጨመር ብቻ ከሆነ ጂቲ 1030 ይስማማቸዋል። ጂቲ 710 ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2021 አዳዲስ ድራይቨር ማውጣት ካቆመላቸው የካርድ ትውልዶች ውስጥ ነው።

ጠንካራ ካርድ በእርግጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ለቪዲዮ ሠራተኛ። መዝሙሩን ቀርጾ፣ ክሊፑንም ራሱ አቀናብሮ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ሰው እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለ ፕሮግራም ይጠቀማል። ያ ፕሮግራም ሥራውን በአብዛኛው የሚጥለው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። እዚህ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለው ካርድ ትርጉም አለው፤ 75 ዋት የሚወስደው ጂቲኤክስ 1650 ለመካከለኛ ሥራ ጥሩ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኔን በጣም ያስደስተኛል። ዛሬ ዲሙክስን የመሳሰሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከአንድ የተዋሐደ ቅጂ ውስጥ የዘፋኙን ድምፅ፣ ከበሮውንና ቤዙን መለየት ይችላሉ። ዋናው ቅጂ የጠፋበት፣ በካሴት ብቻ የቀረ የአባቶቻችን ዜማ ስንት ነው! ድምፁን ለይቶ፣ አጽድቶ፣ በአዲስ ቅንብር ማውጣት ከዚህ በፊት የማይታሰብ ነበር። እነዚህ ፕሮግራሞች የምስል ሥራን በሚመስል መንገድ ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ በኢንቪዲያ ካርድ ላይ እጅግ ይፈጥናሉ። ሆኖም በፕሮሰሰር ብቻም ይሠራሉ፤ ልዩነቱ የመጠበቅ ነው። በወር አንድ ሁለት ዘፈን የሚለይ ሰው ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ትቶት ቡና ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል፤ በየቀኑ የሚሠራው ግን ካርዱን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ?

ያገለገለ ካርድ ሲገዙ ጥንቃቄ ያድርጉ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በመላው ዓለም ወደ ገበያ ወጥተዋል። ማራገቢያቸው ያለቀ ሊሆን ስለሚችል አስነሥተው ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ያዳምጡ። የድሮ ካርድ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ማጭበርበርም አለ፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን የውሸት የኢንቪዲያ ካርዶች ለይቶ ያሳያል። በፍላሽ ይዘውት ይሂዱ።

በዚያው ፍላሽ ላተንሲሞን የተባለውንም ይያዙ። ይህ ነፃ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቋርጥ ይለካል። ማሽኑን ከማስያዝዎ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ያስኪዱት፤ መስኮቶችን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ቪዲዮ ያጫውቱ። አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ለቀረጻ ጥሩ ምልክት ነው። ቀይ ከሆነ ዋይፋዩን አጥፍተው ይድገሙት፤ ጥፋቱ የዋይፋይ ድራይቨር ከሆነ በቀረጻ ጊዜ ማጥፋት ወይም በገመድ መጠቀም ይበቃል። ስሙ የሚወጣው የግራፊክስ ድራይቨሩ ከሆነ ሻጩ ካርዱን አውጥቶ በውስጣዊው ግራፊክስ እንዲያስነሣልዎ ይጠይቁና እንደገና ይለኩ። ያለ ካርዱ አረንጓዴ ከሆነ ማሽኑን ያለ ካርዱ ይግዙ፤ ዋጋውም በካርዱ ልክ ይቀነስልዎ።